ችግር የሚመርጠው አውራ
በኅብረት ሥራ ዩኒየን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር







የምሥረታ በዓል ሲከበር ስለ መጋዘን፣ ስለ ካፒታል፣ ስለ አባላት ቁጥርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ በሒሳብ ሪፖርት ላይ የማይጻፍ፣ ነገር ግን የብዙ አባላትን ኑሮ ከዓመት ዓመት የሚወስን አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ከመንጋው ውስጥ የትኛው ወንድ በግ ይሸጣል፣ የትኛውስ ለርቢ ይቀራል የሚለው ነው። ጉዳዩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የአንድ አካባቢ በግ እየተሻሻለ ወይም እየቀጨጨ የሚሄደው በዚህች ውሳኔ ነው። ውሳኔውን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው የበጉ ባለቤት ሳይሆን ችግሩ ነው።

በጉ የገበሬው ባንክ ስለ መሆኑ

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የእንስሳት ሀብት ናሙና ጥናት መሠረት በሀገራችን ወደ 43 ሚሊዮን የሚጠጋ በግና ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየል ይገኝ ነበር። ይህ ሀብት በአብዛኛው ያለው በትላልቅ እርባታ ድርጅቶች እጅ ሳይሆን አምስት፣ አሥር፣ ሃያ በግ ባላቸው አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮች ደጅ ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች በግ ሥጋ ወይም ቆዳ ብቻ አይደለም። የልጅ ደብተርና የደንብ ልብስ መግዣ፣ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ፣ የሕክምና ወጪ መሸፈኛ፣ የዕድር መዋጮና የድንገተኛ ሐዘን መወጫ ነው። በሬ ለመሸጥ የሚያሳሳ ችግር ሲመጣ በግ ይሸጣል። በግ ቶሎ ይወልዳል፤ አርግዞ የሚቆየው አምስት ወር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቢሸጥም ቶሎ የሚተካ ገንዘብ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ የትኛው ብር ቢወጣ ልዩነት የለውም፤ አንዱ መቶ ብር ከሌላው መቶ ብር አይሻልም። በበግ ግን እንዲህ አይደለም። የትኛው በግ እንደ ወጣ የሚቀጥለውን ዓመት መንጋ ይወስናል።

ምርጡ ቀድሞ ሲሄድ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ አባል አሥር እናት በጎች አሉት እንበል። በዓመቱ አምስት ወንድ ግልገሎች አገኘ። ስድስት ወር ሲሞላቸው አንዱ 20 ኪሎ፣ ሌላው 17 ኪሎ፣ ሦስተኛው 15 ኪሎ፣ የቀሩት ሁለቱ 14 እና 13 ኪሎ መዘኑ። መስከረም ሲመጣ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ገበያው ይሞቃል። ነጋዴው መንጋውን አይቶ እጁን የሚያሳርፈው በ20 ኪሎው ላይ ነው። ባለቤቱም በአንድ ጠቦት ወጪውን ሁሉ ከሸፈነ ሁለት ለምን ይሸጣል? ያንኑ ይሸጣል። ለገና 17 ኪሎው ይሄዳል። ለፋሲካ 15 ኪሎው ይከተላል። በዓመቱ መጨረሻ ከእናት በጎቹ ጋር የቀሩት አውራዎች ማንም ገዢ ያልፈለጋቸው ባለ 14 እና ባለ 13 ኪሎዎቹ ናቸው። የሚቀጥለው ዓመት ግልገሎች ሁሉ አባቶች እነሱ ይሆናሉ።

ይህ አባል ምንም ጥፋት አልሠራም። እያንዳንዱ ሽያጭ በየዕለቱ ሲታይ ትክክል ነበር። ነገር ግን የሦስቱ ትክክለኛ ውሳኔዎች ድምር አንድ ትልቅ ስሕተት ሆነ። የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች ይህንን አሉታዊ መረጣ ይሉታል። ማንም አስቦበት የማያደርገው፣ ግን በየመንደሩ በየዓመቱ የሚካሄድ የእርባታ ፕሮግራም ነው። ዓላማው የተገለበጠ ነው፤ ምርጡን ወደ ገበያ፣ ደካማውን ወደ ዘር ይልካል።

አንዲት እናት በግ በዓመት የምትሰጠው አንድ ወይም ሁለት ግልገል፣ ቢበዛ ጥቂት ነው። አንድ አውራ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የሃያና የሠላሳ ግልገሎች አባት ሊሆን ይችላል። ግልገል የዘሩን ግማሽ ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወርሳል። ስለዚህ በአንድ እናት በግ ምርጫ መሳሳት አንድ ቤት ይጎዳል፤ በአንድ አውራ ምርጫ መሳሳት ግን በጋራ ግጦሽ የሚውለውን የመንደሩን መንጋ በሙሉ ይጎዳል። በጋራ ግጦሽ ላይ የማን አውራ የማንን በግ እንዳስረገዘ የሚጠይቅ የለም።

ይሁን እንጂ ትንሽ የሆነ በግ ሁሉ መጥፎ ዘር ነው ማለት አይደለም። መንታ ሆኖ የተወለደ ግልገል የእናቱን ወተት ከወንድሙ ጋር ተካፍሎ ስለሚያድግ ብቻውን ከተወለደው ያንሳል። በዓይን ብቻ የሚመርጥ ሰው ብቻውን የተወለደውን ይይዛል፤ ሳያውቀውም መንታ ከሚወልዱ እናቶች ዘር ይርቃል። መቼ እንደ ተወለደ፣ እናቱ ስንተኛ ወሊዷ እንደ ሆነ፣ ነጠላ ይሁን መንታ የሚጽፍ መዝገብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ገበያው ምን ያዝዛል?

ችግር ብቻውን አይሠራም፤ ከገበያ ጋር ተጣምሮ ነው። ገበያው ከገበሬው መንጋ ላይ በሦስት መንገድ ይመርጣል።

አንደኛው መልክ ነው። በብዙ የሀገራችን ገበያዎች ነጭ፣ ቀይና ዳለቻ በግ ዋጋ ሲያወጣ ጥቁር በግ ዋጋው ዝቅ ይላል። ስለዚህ አርቢው ጥቁር አውራ አያስቀርም። ሥጋውና ዕድገቱ ምንም ያህል ቢያምር በቀለሙ ምክንያት ይወገዳል። ይህ የገበሬው ጥፋት አይደለም፤ ዋጋውን ያየ ሰው የሚያደርገው ነው። የአውራ መረጣ ሲታቀድም ቀለምን ከቁጥር ማስገባት ግድ ነው። ገዢ የማይፈልገው ምርጥ አውራ ለአባሉ ምርጥ አይደለምና።

ሁለተኛው ሙክት ነው። ጥሩ ቁመና ያለው ጠቦት ተኮላሽቶ፣ ደልቦ፣ ለበዓል ሲወጣ ከፍ ያለ ገንዘብ ያመጣል። ለማሞከት የሚመረጠው ግን ያው ምርጡ ነው። ሳይወልድ የተኮላሸ ምርጥ ጠቦት ለመንጋው እንደ ተሸጠ ይቆጠራል።

ሦስተኛው የውጭ ገበያ ነው። በሞጆና በቢሾፍቱ አካባቢ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና ለሳዑዲ ዓረቢያ ገበያ የሚፈልጉት በዋናነት የቆላ በግና ፍየል ወጣት ወንዶችን ነው። የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል ተብሎ ብዙም አይፈለግም። ይህ ለቆላው አርቢ ጥሩ ዕድል ነው። ነገር ግን የሚወጡት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ማለትም ገና ልጅ ያልተዉት። ነጋዴው ከመንጋው ፈጥኖ ያደገውን ይወስዳል፤ የዘገየውን ለሌላ ጊዜ ይተዋል። ያ የዘገየው እስኪመጡ ድረስ አባት ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ዱስ ላይ የሚታየው

ይህ ሁሉ በደጋ ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስል ወደ ኦሞ ወንዝ ዳር መውረድ ያስፈልጋል። ዱስ በደቡብ ኦሞ በሐመር ወረዳ ከኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኝ የካራ ሕዝብ መንደር ነው። ካራዎች በቁጥር ከአካባቢው ሕዝቦች ሁሉ አነስተኛ ከሚባሉት መካከል ሲሆኑ ላቡክና ቆርቾ ሌሎች መንደሮቻቸው ናቸው። በወንዙ ዳር ደን ውስጥ ያለው ቆላ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ ከብት ለማርባት ስለማይመች የካራ ሕዝብ ሀብት በዋናነት ፍየልና በግ፣ እርሻውም ማሽላ ሆኖ ኖሯል።

የማሽላው እርሻ ዝናብን ሳይሆን ወንዙን የሚጠብቅ ነበር። በደጋው ክረምት ሲገባ ኦሞ ይሞላል፤ በነሐሴና በመስከረም ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ውኃው ሲሸሽ በተወው ለም ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል፤ በታኅሣሥና በጥር ይሰበሰባል። ጎተራው ሲሞላ ፍየሉና በጉ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። በዚህ ሥርዓት እህሉ መንጋውን ይጠብቀው ነበር፤ እህል ያለው ሰው ምርጥ ጠቦቱን በጥድፊያ አይሸጥም።

በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ የጀመረውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ ለሀገር ትልቅ ፋይዳ ያለው ሥራ ነው። በሌላ በኩል የወንዙ ዓመታዊ ሙላት እንደ ቀድሞው ባለመምጣቱ በጎርፍ ሽሽት የሚካሄደው እርሻ ክፉኛ ተዳክሟል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች በተከታታይ የዝናብ ወቅቶች የደረሰው ድርቅ ደግሞ በዚሁ ላይ ተጨመረ። የዚህ ሁሉ ትርጉም በመንጋው ላይ ሲታይ ግልጽ ነው። ቀድሞ እህል መንጋን ይጠብቅ እንደ ነበረ ሁሉ አሁን መንጋ እህል እንዲገዛ ይጠየቃል። በየወሩ አንድ ጆንያ እህል ለመግዛት የሚሸጥ ፍየልና በግ ካለ በየወሩ የሚሄደው የትኛው ነው? ከወንዙ ዳር እስከ ቱርሚ የሰኞ ገበያ ወይም እስከ ዲመካ የቅዳሜ ገበያ በእግር ተነድቶ የሚደርሰው፣ ደርሶም ገዢ የሚያገኘው ጠንካራው ነው። ያን ሁሉ መንገድ የሄደ ሻጭ ደግሞ በጉን ይዞ እንደማይመለስ ነጋዴው ያውቃል። በመሆኑም ምርጡ በግ በምርጥ ዋጋ እንኳ አይሸጥም።

ስለዚህ በዱስና በመሰሎቹ መንደሮች የአውራ ጉዳይ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የእህሉ ዋስትና ሲሳሳ የመንጋው ጥራት የመጨረሻው ዋስትና ሆኗል። እሱም እየተመናመነ ከሄደ የሚቀረው እርዳታ መጠበቅ ብቻ ነው። የበጉ ነገር በዱስ ይበልጡን የፍየል ነገር ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

በቦንጋና በመንዝ የተሠራው

ይህንን የተገለበጠ መረጣ መልሶ ማቃናት ይቻላልን? በሀገራችን የታየ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ)፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) እና በቪየና የሚገኘው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከሀገር ውስጥ ምርምር ማዕከላት ጋር በመሆን ኅብረተሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮግራም በአራት ዝርያዎች ላይ አቀዱ። እነሱም የመንዝ፣ የሆሮ፣ የቦንጋና የአፋር በጎች ናቸው። ሥራው በመንደር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀመረ። ከውጭ የመጣ አውራ የለም፤ ከዚያው ከመንደሩ መንጋ ምርጡን አውቆ ማስቀረት ነው።

አሠራሩ ለማንም የኅብረት ሥራ አባል የሚገባ ነው። ግልገል ሲወለድ በጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል። ሲወለድ፣ ሦስት ወር ሲሞላውና ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል። በአካባቢው የሚኖር መዝጋቢ ይጽፋል። ባለሙያዎች ከመዝገቡ ላይ የእያንዳንዱን ጠቦት የዘር ዋጋ ያሰላሉ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። የተመረጡ ሽማግሌዎችና አርቢዎች ተሰብስበው ቀለሙን፣ ላቱን፣ ቁመናውን አይተው ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት መካከል አውራዎቹን ይለያሉ። የተመረጠው አውራ ለአንድ ቡድን አርቢዎች መንጋ ይሰጣል፤ ጊዜውን ሲጨርስ የገዛ ልጆቹን እንዳያገኝ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል። ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ።

ለኅብረት ሥራ ማኅበር ዋናው ነጥብ ግን ገንዘቡ ላይ ነው። የምርጡ ጠቦት ባለቤት ያው የቸገረው ሰው ነው። «አትሽጥ» ብሎ መምከር የልጁን ደብተር አይገዛለትም። በመሆኑም ማኅበሩ በተዘዋዋሪ ፈንድ በጉን በገበያ ዋጋ ይገዛዋል። ባለቤቱ ገንዘቡን ያገኛል፤ በጉ ግን ከመንደሩ አይወጣም። አውራው አገልግሎቱን ሲፈጽም ለሌላ አካባቢ አርቢዎች ወይም ለሥጋ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ወደ ፈንዱ ይመለሳል። በቦንጋ አካባቢ ቦቃና ሹታ በተባሉት መንደሮች አርቢዎቹ በሕጋዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ይህንኑ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ የቦንጋ አውራም በሌሎች አካባቢዎች ተፈላጊ ሆኗል።

ውጤቱ ተለክቷል። ለዓመታት ከተሰበሰበ መዝገብ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት እንዳሳየው የስድስት ወር ክብደት በዘር ደረጃ በየዓመቱ በቦንጋ በ0.21 ኪሎ፣ በሆሮ በ0.18 ኪሎ፣ በመንዝ በ0.11 ኪሎ ጨምሯል። በዓመት ሁለት መቶ ግራም ሲባል ሰው ሊስቅ ይችላል። ነገር ግን በአሥር ዓመት ከእያንዳንዱ የቦንጋ ጠቦት ላይ ሁለት ኪሎ ያህል ይሆናል ማለት ነው። በአንድ ማኅበር አባላት ግልገሎች ሁሉ ሲባዛ ደግሞ ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ ይህ ጭማሪ መኖ ሲያልቅ የሚጠፋ፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚዘጋ አይደለም፤ በደም ውስጥ የገባ ነው።

ዘዴው አዲስ ብልሃት አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ሀገር ሮበርት ቤክዌል የተባለ ገበሬ ምርጥ አውራዎቹን ከመሸጥ ይልቅ ለጎረቤት አርቢዎች በየወቅቱ ማከራየት ጀመረ። አውራው ኪራይ ያመጣል፤ በየመንጋው የወለዳቸውም እየታዩ የትኛው አውራ ምርጥ ዘር እንዳለው ይታወቃል። ነገር ግን ቤክዌል የመረጠው ለከተማው ገበያ ቶሎ የሚደልብ በግ ስለ ነበር ያ ዝርያ በመንታ መውለድና በሱፍ ጥራት ደካማ ሆነ። ገበያው የጠየቀውን ብቻ የሚመርጥ ያልጠየቀውን ሊያጣ ይችላል።

መጠንቀቅ የሚገባ ነገር

ከዚህ በመነሣት ሁለት ጥንቃቄዎች መነሣት አለባቸው።

የመጀመሪያው የውጭ ዝርያ ጉዳይ ነው። የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመ ጀምሮ እንደ ኮሪዴል፣ ሃምፕሻየርና አዋሲ ያሉ ዝርያዎች ገብተው ተዳቅለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የዶርፐር በግ ከደቡብ አፍሪካ መጥቷል። ዲቃላው መኖና ሕክምና በተሟላበት ቦታ ጥሩ ይመዝናል። ይሁንና ላት የሌላቸውን ዲቃላዎች ብዙ ገበሬዎች አልወደዷቸውም፤ ገበያቸውም የተለየ ሆነ። አባሉ መኖ ገዝቶ ማብላት ካልቻለ ትልቅ አካል ያለው በግ የበለጠ ይራባል። የዋጋው ትልቅነት ብቻ አባሉን ሊያታልለው አይገባም።

ሁለተኛው ቦንጋን በቦንጋነቱ ወደ ኦሞ ዳር ላለመገልበጥ ነው። ቦንጋ ዝናብ የማያጣው፣ አርቢውም በአንድ ቦታ የሚኖርበት አካባቢ ነው። በደቡብ ኦሞ ቆላ መንጋው ውኃና ሣር ፍለጋ ይንቀሳቀሳል፤ በየስድስት ወሩ በሚዛን ላይ ማውጣት ይከብዳል። መረጣውም ክብደትን ብቻ መከተል የለበትም። ረጅም መንገድ መሄድ፣ ውኃ ጥም መቻል፣ በድርቅ ጊዜ ግልገሏን ማሳደግ የቻለች እናት ልጅ መሆን፣ ከበሽታ መትረፍ እዚያ ከኪሎ ይበልጣሉ። የካራ፣ የሐመር፣ የዳሰነች አርብቶ አደር የእናቲቱን ታሪክ ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቀዋል። በጽሑፍ መዝገብ በሌለበት የሽማግሌው ትዝታ መዝገብ ነው፤ ባለሙያው ሊጽፈው የሚገባው ያንን ነው።

ዩኒየኑና መንግሥት ሊያደርጉ የሚችሉት

የተከበራችሁ አባላት፣

ከላይ ከተነገረው ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ምርጡን አውራ ማስቀረት አይችልም፤ ችግሩ ቀድሞ ይደርሳል። ማኅበር ግን ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለውይይት ቢቀርቡ የሚጠቅሙ አምስት ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ ከዓመታዊ ትርፍ ላይ ጠቅላላ ጉባኤው በሚወስነው መጠን የአውራ በግና የአውራ ፍየል ተዘዋዋሪ ፈንድ ማቋቋም። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ለአንድ መንደር ጥቂት አውራዎች ይበቃሉ። ፈንዱ የሚለካው ባተረፈው ብር ብቻ ሳይሆን በመንደሩ ባስቀራቸው ጠቦቶች ይሁን።

ሁለተኛ፣ ብድሩን ከችግሩ ወቅት ጋር ማስማማት። ጠቦት የሚሸጠው በመስከረም ለትምህርት ቤት፣ በክረምት ለግብአትና ለቀለብ መሆኑ የታወቀ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበራት በእነዚህ ወራት አነስተኛ ብድር ቢያዘጋጁ ጠቦቱ እስኪመዘንና እስኪመረጥ ጊዜ ያገኛል። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት እንስሳትም ለብድር ዋስትና ሊሆኑ ስለሚችሉ ሕጉ በር ከፍቷል። የቀረው አሠራሩን ማዘጋጀት ነው።

ሦስተኛ፣ መሸጥና ማኮላሸት አይከልከል፤ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። ምርጡ በመጀመሪያ ይውለድ፣ ከዚያ ይሞከት። ደካማው በመጀመሪያ ይኮላሽ፣ ከዚያ ይሸጥ። ይህ ለአባሉ ምንም ገንዘብ አያሳጣውም። ደካማውን ቀድሞ ማኮላሸት ደግሞ በጋራ ግጦሽ ላይ ለጎረቤት የሚደረግ ትልቅ ውለታ ነው።

አራተኛ፣ በጋራ መሸጥ። ከዱስ አንድ በግ ይዞ ብቻውን ገበያ የሚወርድ ሰው ተደራዳሪ አይደለም። ማኅበሩ ከብዙ ቤት አሰባስቦ፣ መዝኖ፣ ለነጋዴ ወይም ለቄራ በአንድነት ቢያቀርብ በአንድ በግ የሚገኘው ገንዘብ ከፍ ይላል፤ ለአንድ ጆንያ እህል የሚሄደው የበግ ቁጥርም ይቀንሳል። መንጋን ለማዳን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የተሻለ ዋጋ ነው።

አምስተኛ፣ የጤና ጥበቃ። ደስታ መሰል በሽታና የበግና ፍየል ፈንጣጣ አንድ ጊዜ ገብተው የአሥር ዓመት መረጣን በአንድ ወር ሊያጠፉ ይችላሉ። የክትባት ዘመቻው ወቅቱን ጠብቆ ከመንገድ ርቀው ያሉ መንደሮች ጋ እንዲደርስ የወረዳው ጽሕፈት ቤትና ማኅበራቱ አስቀድመው በጋራ ማቀድ አለባቸው።

ለሥራ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የእንስሳት ልማት አፈጻጸም ሲመዘን ስንት ዲቃላ ተሰራጨ፣ ስንት እንስሳ ለገበያ ቀረበ ተብሎ ይጠየቃል። የትኞቹ አውራዎች ቀሩ ተብሎ ግን አይጠየቅም። ለገበያ የቀረበው ቁጥር ከፍ ማለቱ ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም፤ ሰው ሲርበውም ሽያጭ ይጨምራል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ ለርቢ ተመርጠው በማኅበር የተያዙ አውራዎች ቁጥር የሚጻፍበት አንድ መስመር ይጨመር። የጂንካ ግብርና ምርምር ማዕከልና ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው ያሉ በመሆናቸው መዝጋቢ በማሠልጠንና ሚዛን በማቅረብ ሊረዱ ይችላሉ። የጎርፍ እርሻው ለተዳከመባቸው መንደሮች ደግሞ መስኖም ይሁን የእህል አቅርቦት የሚታቀደው ከመንጋው ተነጥሎ መሆን የለበትም። በዱስ ጎተራው ባዶ ሆኖ አውራው ይቀራል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

የኅብረት ሥራ ማኅበር የተፈጠረው አንድ ሰው በችግር ሰዓት ብቻውን እንዳይደራደር ነው። ማዳበሪያ በጋራ መግዛት፣ እህል በጋራ ማከማቸት፣ ቡና በጋራ መሸጥ ተለምዷል። አውራ በጋራ ማስቀረት ከእነዚህ የተለየ ሥራ አይደለም። በዚህ ዓመት ከመንጋው የወጣው ምርጥ ጠቦት አይመለስም፤ የሚመጣው ዓመት ጠቦት ግን ገና ሊወለድ ነው። እሱ ሲወለድ የሚጠብቀው የነጋዴ ገመድ ብቻ ይሁን ወይስ የማኅበሩ ሚዛንና መዝገብ፣ የሚወሰነው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ነው።

በዓሉ የሥራ በዓል ይሁን። አመሰግናለሁ ለማለት የሚበቃው ያ ሥራ ሲጀመር ነው።